ከመሸጥ በፊት መጠየቅ፤ ስለ ቮልስዋገን መለዋወጫ ዕቃ ንግድ

በመርካቶ ሱማሌ ተራም ሆነ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ከሚሸጥባቸው መደብሮች ወደ አንዱ የገባ ሰው ከባንኮኒው በላይ ተለጥፎ የሚያነበው ማስታወቂያ በአብዛኛው አንድ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ይህ ቃል በሻሽና በጫማ፣ በስኳርና በሳሙና ንግድ ውስጥ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ማንንም አያስደንቅም። ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ያውቃል፤ ስኳር የሚገዛም የሚፈልገው ስኳር መሆኑን አይስትም። የመኪና መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛውን ነገር አያውቀውም። መካኒኩ በቁራጭ ወረቀት የጻፈለትን ይዞ ይመጣል፤ ባለ መደብሩም ወረቀቱን አይቶ ዕቃውን ከመደርደሪያ ያወርድና ይሰጠዋል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። የመኪናው ሕመም ሌላ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ያ ማስታወቂያ አስቀድሞ ወስኖታል።

ነገሩ ለባለ መኪናው ብቻ የሚታዘንበት ቢሆን ኖሮ በነጋዴዎች ገጽ ላይ መነሣቱ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ሳይጠየቅ የሚሸጥ መለዋወጫ ቀስ በቀስ ከገዢው ይልቅ ሻጩን የሚያከስርበት ጊዜ መጥቷል። ይህም በአሮጌዎቹ የጀርመን መኪናዎች፣ ይልቁንም በቮልስዋገን ንግድ ላይ በግልጽ ይታያል።

ለማስረዳት ያህል በአዲስ አበባ የደረሰውን አንድ ጉዳይ መመልከት ይበቃል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በፈረንጆች አቆጣጠር የ1966 ሞዴል የሆነ ቮልስዋገን አላቸው። መኪናው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያመላልስ የኖረ፣ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ የሚቆጠር ነው። ባለፈው በጋ ግን ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰው፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግል ጀመር፤ ቆም ባለ ጊዜም የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። መካኒኩ ድምፁን ብቻ አዳምጦ «ፒስተኑ አልቋል» ሲል ፈረደ። መምህሩ ወረቀቱን ይዘው ወደ መደብር ሄዱ። ባለ መደብሩ ወጣት ነበርና በአክብሮት ተቀብሎ «ጋሼ፣ የቀረኝ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ነገ ቢመጡ አያገኙትም» አላቸው። አራቱን ፒስተን ከነሲሊንደራቸው ገዙ። ዋጋው የብዙ ወራት ጡረታቸው ነበር።

ሞተሩ ወረደ፣ ተፈታ፣ ተገጠመ። መኪናው ሦስት ሳምንት ያህል ደኅና ከሄደ በኋላ በዚያው ዳገት ላይ እንደ ቀድሞው ጋለ። በመጨረሻ የተጠሩት ሽማግሌ መካኒክ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ ሰው ነበሩ። የኋላውን ክዳን ከፍተው፣ ኪያቤም ካቻቢቴም ሳያነሡ፣ «በዙሪያው የነበረው ጎማ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። የመኪናው በሽታ ያ ነበር።

የቮልስ ሞተር በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አየሩ በምን መንገድ እንደሚሄድ ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ፋኑ ከሞተሩ በላይ ካለው ክፍል ቀዝቃዛውን አየር ይስባል፤ አየሩ በሲሊንደሮቹ ላይ አልፎ ትኩሳታቸውን ተሸክሞ ወደ ታች ይወጣል። ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይገባ የሚከለክሉት በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙት ቆርቆሮዎችና በቆርቆሮዎቹና በመኪናው አካል መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው የጎማ ጥብጣብ ናቸው። ጥብጣቡ ደርቆ ሲቆራረጥ፣ ወይም ሞተር ባወረደ መካኒክ እጅ «ምን ያደርጋል» ተብሎ ሲጣል፣ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ የዘይቱ መብራት ይበራል፤ ቫልቮቹ ይቃጠላሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ ምክንያቱም በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ በፊቱ ስለ ቆመ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካውም ይህን ችግር አይቶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች) የማቀዝቀዣውን ቦታ ለውጦታል።

መምህሩ ይህን ከሰሙ በኋላ ጥብጣቡን ለመግዛት ሦስት ቀን ዞሩ፤ አላገኙም። የፒስተን ሳጥን እስከ ጣሪያ የደረደሩ መደብሮች ጥብጣቡን አላመጡትም። ምክንያታቸውም አንድ ነበር፤ «እሱን ማን ይጠይቃል?»

እዚህ ላይ መካኒኩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ወቀሳውም ይገባዋል። ሆኖም ባለ መደብሩ ሁለት ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ የሰውየውን ገንዘብ ባዳነ ነበር። ዘይት ይጎድላል ወይ? ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል ወይ? ፒስተኑ ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊም ያጨሳል። የመምህሩ መኪና ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። ባለ መደብሩ ግን የሸጠው ዕቃ እንጂ የሚመለከተው ሕመም የለም ብሎ ያምናል።

ይህ እምነት በድሮ ጊዜ ባለ መደብሩን ብዙም አይጎዳውም ነበር። አንድ መኪና ከመንገድ ሲወጣ ሌሎች ሁለት ሦስት ከወደብ ይመጡ ነበርና። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የብር ዋጋ በእጅጉ ስለ ወረደ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወደደ። ቮልስን በተመለከተማ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ በጀርመን አገር ካለው የኤምደን ፋብሪካ የመጨረሻው ጥንዚዛ መሰል ቮልስ የወጣው በፈረንጆች በ1978 ሲሆን፣ በዓለም ላይ የመጨረሻው ደግሞ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በ2003 ተሠርቶ ከ21 ሚሊዮን በላይ የደረሰው ቁጥር በዚያ ቆሟል። በአገራችን ያሉት ቮልሶች እንግዲህ የሚቀንሱ እንጂ የሚጨመሩ አይደሉም። በተሳሳተ መለዋወጫ የሞተ እያንዳንዱ መኪና ለነጋዴው ለዘለዓለም የጠፋ ደንበኛ ነው።

እነዚህ መኪናዎች በቀላሉ የሚረሱም አይደሉም። ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የቢሮ ጸሐፊው ሁሉ መንዳት የተማረበት መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ የተሳፈሩት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን መሆኑን የዚያን ቀን ያዩ ሁሉ አይረሱትም። ሆኖም መኪናን በመንገድ ላይ የሚያቆየው ትዝታ ሳይሆን በትክክል የታዘዘ ዕቃ ስለ ሆነ ወደ ሥራው መመለስ ይሻላል።

ባለ መደብሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የመኪናውን ዓመት ሳይሆን የሻንሲውን ቁጥር ነው። ዓመት በዚህ አገር ሁለት ጊዜ ያሳስታልና። ገዢው «1966» ባለ ጊዜ የእኛን ይሁን የፈረንጆችን አቆጣጠር ማለቱ አይታወቅም፤ በመካከላቸው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፣ በቮልስ ላይ ደግሞ ስምንት ዓመት ማለት ሌላ መኪና ማለት ነው። ከዚህም በቀር ፋብሪካው የሞዴሉን ዓመት የሚጀምረው በጃኑዋሪ ሳይሆን በኦገስት ነበር። በሴፕቴምበር 1966 የተሠራ መኪና የ1967 ሞዴል ነው፤ ሊብሬው ላይ ግን 1966 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከ1965 ሞዴል አንሥቶ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ በ116 የሚጀምረው የ1966፣ በ117 የሚጀምረው የ1967 ሞዴል ነው። ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በመኪናው መካከል በሚያልፈው የብረት ጀርባ ላይ ተመትቶ ይገኛል። መቀመጫውን ማንሣት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ቁጥሩም ቢሆን ሁሉን አይነግርም። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነበር፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ (በፈረንጆች) ወደ 12 ቮልት ተለወጠ። በአገራችን ግን ብዙ ባለ 6 ቮልት መኪናዎች በመካኒክ እጅ ወደ 12 ተቀይረዋል፤ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ፣ አንዳንዶቹም ግማሽ ድረስ። ባለ 6 ቮልት ቦቢና በ12 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል። ሞተሪኖው የሚያዞረው ቮላኖ በባለ 6 ቮልቱ 109 ጥርስ ሲኖረው በባለ 12ቱ 130 አለው፤ ስለዚህ ያለ ቦታው የተገጠመ ሞተሪኖ ጥርሱን ያራግፋል። ይህን የሚያውቅ ባለ መደብር ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ እንደ ሆነ፣ ባትሪውን አይቶ ይመለሳል። እንዲህ የሚያደርጉ ጥቂት ባለ መደብሮች አሉ፤ ደንበኞቻቸውም ከጅማና ከደሴ ድረስ በስልክ ይፈልጓቸዋል።

በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ትርጉም አለው። ዘጠኝ አሃዞች ሦስት ሦስት ሆነው ይጻፋሉ፤ ከመካከለኞቹ ሦስት የመጀመሪያው የዕቃውን ወገን ይለያል፤ 1 ሞተር፣ 2 ነዳጅና ማርሚታ፣ 3 ካምቢዮ፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 9 ኤሌክትሪክ ነው። በመጨረሻ የሚታከለው ፊደል ዕቃው ተሻሽሎ እንደ ሆነ ያመለክታል። ይህን ፊደል ሳይጽፍ የሚያዝዝ አስመጪ የላከው ገንዘብ ትክክለኛ፣ የመጣለት ዕቃ ግን የማይገጥም ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ከዚያም ዕቃው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ «ቮልስ አይሸጥም» ይላል።

ስለ ሕመሞቹ ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ቀዩ መብራት ነው። በጉዞ መካከል በፍጥነት መቍጠሪያው ውስጥ ቀይ መብራት ሲበራ ሾፌሩ «ባትሪው አልሞላም» ብሎ እስከ ቤቱ ለመድረስ ይነዳል። በሌላ መኪና ይህ ምናልባት ይፈቀድ ይሆናል። በቮልስ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን የማቀዝቀዣ ፋን ያዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ምንም ማቀዝቀዣ የለውም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተነዳ ይቃጠላል። ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ባለ መደብሩም «ቀይ መብራት በራብኝ» ብሎ ባትሪ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣበት ባትሪውን ከማውረዱ በፊት ስለ ቺንጋው ሊጠይቀው ይገባል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረግብ ቺንጋ ደኅና ነው። የአንድ ቺንጋ ትርፍ ከባትሪው ትርፍ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሰውየው ቺንጋውን ገዝቶ ሞተሩ ከተረፈለት ለብዙ ዓመታት ዘይት፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ይገዛል።

ሁለተኛው የነዳጅ ፖምፓ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርዶ በቆላው ሙቀት ውስጥ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በዳገቱ መካከል ሞተሩ ቀጥ ይላል። ነዳጅ አለ፣ ካንዴላውም ይሠራል፤ ነገር ግን በፖምፓውና በቧንቧው ውስጥ ያለው ነዳጅ ከሞተሩ ትኩሳት የተነሣ ወደ እንፋሎት ተለውጧል፤ ፖምፓው ደግሞ እንፋሎትን መግፋት አይችልም። እርጥብ ጨርቅ በላዩ ጣል ተደርጎ ሩብ ሰዓት ቢጠበቅ መኪናው ይነሣል። የቸኮለ ግን አፍሶ ይለቅማል፤ መኪናውን አስጎትቶ ከመጣ በኋላ አዲስ ፖምፓ ይገዛል፤ በሚቀጥለው ጉዞም በዚያው ስፍራ ይቆማል።

ሦስተኛው የጠቆረ ካንዴላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን በዝቅተኛ አገር እንደ ተለካ ነዳጁን በዚያው መጠን ይሰጣል፤ ስለዚህ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም ይንተባተባል። ባለ መኪናው በየሦስት ወሩ አራት ካንዴላ ሲገዛ ባለ መደብሩ ደስ ይለው ይሆናል። መፍትሔው ግን በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን ነዳጅ የምታሳልፍ ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። ቀዳዳዋ በልክ ልኳ ቁጥር ተጽፎባት ትመጣለች፤ በእፍኝ ሙሉ የሚመጣው ሁሉ ከአንድ ፒስተን ሳጥን ያነሰ ቦታ ይይዛል። አስመጪዎች ለምን እንደማያመጧት ምክንያቱን ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩ የቮልስ ብቻ እንዳይመስል ስለ መርሴዲስም ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆች) የተሠሩት ባለ ናፍጣ መርሴዲሶች ቁልፉ ተነቅሎ ሞተሩ አልጠፋም የሚሉበት ጊዜ አለ። ገዢው የቁልፍ መክፈቻውን ሙሉ ዕቃ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በእነዚህ መኪናዎች ግን ሞተሩን የሚያጠፋው ኤሌክትሪክ ሳይሆን አየር ተመጥጦ የወጣለት ቀጭን ቧንቧ ነው። አንዲት የጎማ መጋጠሚያ ከተሰነጠቀች፣ አንዳንድ ጊዜም የበሩ መቆለፊያ አየር ካስገባ፣ ሞተሩ አይጠፋም። ዕቃዋ ከሻይ ዋጋ ብዙም የማትበልጥ ናት። አየሩን የሚመጥጠው ያው ፖምፓ ፍሬኑንም ስለሚያግዝ ነገሩ በዚያ ቢታለፍ ደግሞ አደገኛ ነው።

እስካሁን የተነገረው የገንዘብ ጉዳይ ነበር። የፍሬንና የነዳጅ ጎማ ጉዳይ ግን የሰው ሕይወት ስለ ሆነ በሌላ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። የፍሬን ጎማ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ በግፊት ያልፋል፣ መመለስ ግን አይችልም፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ጎማውም ይግላል። መካኒኩ የፍሬኑን ሲሊንደር ያስገዛል፤ ሕመሙ ግን አይድንም። የነዳጁ ጎማ ደግሞ በቮልስ ውስጥ ከኤሌክትሪኩ ማከፋፈያ አጠገብ ያልፋል። ጎማው ተሰንጥቆ አንድ ሁለት ጠብታ ቢወርድ እሳት ይነሣል፤ የሞተሩ አካል ማግኒዝየም ያለበት ብረት ስለ ሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ በውኃ ማጥፋት አይቻልም። ይህ ጎማ በሜትር የሚሸጥ፣ ዋጋው የሚያስቅ ዕቃ ነው። ቮልስ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ቢጠይቅም ባይጠይቅም፣ «የነዳጅ ጎማው መቼ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ የባለ መደብሩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

በዚህ ላይ ነጋዴዎች የሚያቀርቡት መልስ አለ፤ ሁሉም ከንቱ አይደለም። አንደኛ፣ «እኛ ሐኪም አይደለንም፤ የታዘዘውን እንሸጣለን» ይላሉ። ነገር ግን ባለ መድኃኒት ቤትም ሐኪም አይደለም፤ ሁለት የማይጣጣም መድኃኒት በአንድ ወረቀት ላይ ባየ ጊዜ ግን ዝም አይልም። ሁለተኛ፣ «ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ጎማና ጓርኒሲዮን ገንዘብ አይመልሱም፤ ካፒታላችን ውስን ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ የባንክ ወለድና የመደብር ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ሲል ሊሰማ ይገባል። ሆኖም እነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ብዙ ገንዘብም ብዙ ቦታም አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ቁጥራቸውን የሚያውቅ ሰው ነው። ችግሩ የካፒታል ሳይሆን የመዝገብ ነው።

ሦስተኛው ብዙም በግልጽ የማይነገር ነው። ብዙ መካኒኮች ደንበኛ ወደ መደብር ሲልኩ ከዋጋው ላይ ድርሻ ይቀበላሉ፤ ድርሻው በዕቃው ዋጋ መጠን ስለ ሆነ መካኒኩ ውድ ዕቃ ያለቀ መሆኑን ለማመን ይፈጥናል። ባለ መደብሩም ድርሻውን ካልሰጠ መካኒኩ ወደ ጎረቤት ይሄድበታል። ይህ ልማድ በአንድ መደብር ብቻ ሊቀር አይችልም፤ ነጋዴዎቹ በአንድነት ተስማምተው ድርሻው በዋጋ መጠን መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተወሰነ ገንዘብ እንዲሆን ቢያደርጉ ግን መካኒኩ ፒስተን ከማዘዝ ጥብጣብ ማዘዙ አይከብደውም።

ለአስመጪዎችም አንድ ነገር መታከል አለበት። የቮልስ ዕቃ ዛሬም በጀርመን፣ በብራዚልና በቻይና ይሠራል፤ ዋጋውና ጥራቱ ግን የተለያየ ነው። በታወቀ የጀርመን ምልክት ሳጥን ውስጥ ተከትቶ የሚመጣው ሐሰተኛ ዕቃ ነጋዴውንም ገዢውንም አታሏል። በሌላ በኩል ከ40 ዓመት በፊት ተሠርቶ በመጋዘን የቆየ «ኦሪጂናል» የሚባል ዕቃ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ብረት ከሆነ መልካም ነው፤ ጎማ ከሆነ ግን ሳይገጠም በመደርደሪያው ላይ ይሸመግላል፤ የፍሬን ጎማም፣ የዘይት መከላከያም፣ ያ የሞተሩ ጥብጣብም እንዲሁ ናቸው። ለጎማ ዕቃ ከምልክቱ ይልቅ የተሠራበትን ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

በተግባር ሊደረግ የሚችለው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በደረሰኙ ላይ ከዕቃው ስም ጎን የመኪናው ሻንሲ ቁጥር ቢጻፍ፣ ደንበኛው ሲመለስ ምን እንደ ወሰደ፣ መኪናውም ምን እንደሚፈልግ ከመዝገቡ ይታወቃል። ሳጥኑ ያልተከፈተ፣ ያልተገጠመ ዕቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲመለስ ባለ መደብሩ ቢቀበል የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። እንዲሁም የቮልስ ሞተር 2 ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ እንደሚይዝ፣ በቀድሞዎቹ ላይ የወረቀት ፊልትሮ ስለሌለ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሲለወጥ የሽቦ ወንፊቱ አብሮ መታጠብ፣ ሁለቱ ጓርኒሲዮኖቹም መለወጥ እንዳለባቸው፣ ቫልቮቹም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለብዙዎቹ ሞተሮች በ0.15 ሚሊ ሜትር መስተካከል እንዳለባቸው የሚገልጽ አንድ ገጽ ከዘይቱ ጋር ቢሰጥ፣ ዘይት የገዛ ሰው ጓርኒሲዮኑንም ይገዛል።

መምህሩ የፈለጉትን ጥብጣብ በመጨረሻ አግኝተዋል፤ ከመደብር ግን አይደለም። ሽማግሌው መካኒክ ከጋራዡ ጓሮ ጎማው ተነቅሎ ሣር ከበቀለበት የሞተ ቮልስ ላይ ቆርጠው አውጥተው ገጠሙላቸው። በእንጦጦ ዳገት ላይ መኪናው አልጋለም። ከሞተሩ የወጡት አራቱ አሮጌ ፒስተኖች በማይክሮ ሜትር ተለክተው ደኅና ሆነው ስለ ተገኙ በካርቶን ታስረው በመምህሩ ቤት አልጋ ሥር ተቀምጠዋል። በጓሮው ያለው የሞተ ቮልስም ሌላ ጥብጣብ የለውም።